ክብደት ሲጋጭ ዕዳው በማን ትከሻ ነው?

በሙቀጫ እህል የሚወቅጥ ሰው ዘነዘናው የቀለለ እንደ ሆነ ደጋግሞ ይመታል፥ ይደክማልም፤ ዘነዘናው የከበደ እንደ ሆነ ግን ጥቂት ጊዜ አንሥቶ በመልቀቅ ብቻ ሥራውን ይፈጽማል። ግንድ የሚፈልጥ ሰውም ቢላዋ አያነሣም፤ ምሳር ያነሣል። ከባድ ነገር ሲመታ ብርቱ እንደ ሆነ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ይህንንማ እናቶቻችን በማድ ቤት፥ አባቶቻችንም በደጅ ሥራቸው ያውቁታል። ሳይመረመር የሚቀረው ሌላው ወገን ነው። ይኸውም፥ ያ ከባድ ነገር ራሱ በድንገት ሲገታ ወይም በድንገት ሲገፋ ክብደቱ የሚጠይቀውን ኀይል የሚከፍለው ማን ነው? የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህ ጥያቄ በፊዚክስ ደብተር ውስጥ ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ በዚህ ዐምድ ባላነሣሁትም ነበር። ነገር ግን ከይፋት ቆላ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ደሴ የሚጓዝ ብዙ ቤተሰብ ሕፃኑን በጭኑ አስቀምጦ ይጓዛል፤ በማጀቴና በአካባቢዋም ያለ ቤተሰብ መሬት ስትናወጥ በኖረችበት አገር ከግድግዳና ከጣራ በታች ያድራል። እነዚህ ሁለት ነገሮች የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ሕጋቸው ግን አንድ ነው።

ሕጉም አጭር ነው። የቆመ ነገር ካልገፉት አይንቀሳቀስም፤ የሚሄድም ነገር ካልገቱት አይቆምም። ለመግፋትም ሆነ ለመግታት የሚያስፈልገው ኀይል ከነገሩ ክብደት ጋር አብሮ ያድጋል፤ እጥፍ ለከበደ ነገር እጥፍ ኀይል ያስፈልገዋል። ደግሞም ፍጥነቱ የሚለወጥበት ጊዜ ባጠረ መጠን ኀይሉ ይበረታል። እንግሊዛዊው ሊቅ ይስሐቅ ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በሥርዓት አስቀምጦታል፤ ከዚያ ወዲህ በምድር ላይ ለሚደርስ ግጭት ሁሉ መሐንዲሶች የሚያሰሉት በዚሁ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ባዶ ጋሪ በደልዳላ መንገድ ላይ አንድ ልጅ ይገፋዋል። ያው ጋሪ 5 ኩንታል ማሾ የተጫነበት እንደ ሆነ ግን ልጁ በሙሉ ጉልበቱ ቢገፋ እንኳ ቀስ ብሎ ነው የሚነሣለት፤ ከተነሣም በኋላ ከፊቱ ቆሞ «ላግታው» ቢል ጋሪው ይጥለዋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። መንገዱ ደልዳላ በመሆኑ የጋሪውን ክብደት የተሸከመው መሬቱ ነው፤ ልጁ አንዳች ነገር አልተሸከመም። ታዲያ ልጁን የታገለው ምንድን ነው? ይህ በሳይንስ መጻሕፍት መጠነ ቁስ የሚባለው ነው። ክብደት ማለት መሬት ነገሩን ወደ ታች የምትስብበት ኀይል ሲሆን፥ መጠነ ቁስ ግን ነገሩ ፍጥነቱን ላለመለወጥ የሚያሳየው እምቢታ ልክ ነው። በገበያ ሁለቱንም በአንድ ኪሎ እንለካቸዋለን፤ እኔም ነገሩን ካስታወቅሁ በኋላ በተለመደው አነጋገር ክብደት እያልሁ እቀጥላለሁ።

እንግዲህ ሁለት ነገሮች ይጋጩ። ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ በሚወስደው አስፋልት ላይ አንድ ባጃጅና አንድ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ፊት ለፊት ተገናኙ እንበል። «ከሁለቱ የበለጠ ኀይል የሚያርፈው በየትኛው ላይ ነው?» ተብለው የተጠየቁ ተማሪዎች ያለ ማመንታት «በባጃጁ ላይ ነዋ!» ይላሉ፤ ትልልቆችም ቢጠየቁ መልሳቸው ይኸው ነው። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። የጭነት መኪናው ባጃጁን የሚገፋበት ኀይልና ባጃጁ የጭነት መኪናውን የሚገፋበት ኀይል ትክክል ናቸው፤ በቅንጣት ታህል አይበላለጡም። ይህም ከኒውተን ሕጎች ሦስተኛው ነው።

ይህን የሰማ ሰው «ኀይሉ ትክክል ከሆነ ባጃጁ ተጨፍልቆ የጭነት መኪናው ፊት ብቻ የሚቧጨረው ስለ ምን ነው?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። መልሱ በቁጥር ይታያል። የጭነት መኪናው ከነተሳቢውና ከነጭነቱ 40 ቶን ማለት 400 ኩንታል ይመዝን፤ ባጃጁም ከነሰዎቹ 600 ኪሎ ግራም ይሁን። ሁለቱም በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ተጋጭተው ተያይዘው ቢቀሩ፥ ከግጭቱ በኋላ ሁለቱም የጭነት መኪናው ይሄድበት ወደ ነበረው አቅጣጫ በሰዓት 38.8 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳሉ። ስለዚህ የጭነት መኪናው ከፍጥነቱ ያጣው በሰዓት 1.2 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ነጂው ፍሬን በጥቂቱ የነካ ያህል እንኳ ላይሰማው ይችላል። ባጃጁ ግን ወደ ፊት በ40 ይሄድ የነበረው በቅጽበት ወደ ኋላ በ38.8 ተወሰደ፤ የፍጥነቱ ለውጥ 78.8 ኪሎ ሜትር ነው። አንዱ ከሌላው 67 ጊዜ ያህል ይከብዳልና፥ ቀላሉም ከከባዱ 67 ጊዜ ያህል የበዛ ለውጥ ተቀበለ። የሰውን አካል የሚሰብረው ደግሞ ይህ የፍጥነት ለውጥ ነው፤ በባጃጁ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች አካል ከባጃጁ ጋር ያንኑ ለውጥ በዐይን ጥቅሻ ጊዜ ውስጥ ይቀበላል።

ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ይህ ሒሳብ አይጠይቅም። የጭነት መኪናው ነጂ ተኝቶበት መስመር ቢስትም፥ ባጃጁ ያለ ቦታው ቢታጠፍም ቁጥሩ ያው ነው። ቀላሉ ይከፍላል። በባጃጅ ከነጂው ጐን ትርፍ ሰው ሆነው መቀመጥን እንደ ቀላል ነገር ለሚያዩ ወጣቶች ወላጆቻቸው ይህን ቁጥር ቢነግሯቸው መልካም ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው በፊቱ ያለው ስስ ቆርቆሮ ብቻ ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። እያንዳንዱ ከባድ ነገር ሲገታ ክብደቱ ኀይል ይጠይቃል፤ ያንን ኀይል የሚያቀብለው ደግሞ በመካከል ያለ ነገር ነው። ገመድ ሊሆን ይችላል፤ ፍሬን፥ ክንድ፥ ግድግዳም ሊሆን ይችላል። በመካከል ያለው ነገር የተጠየቀውን ያህል ማቀበል ያልቻለ እንደ ሆነ ይበጠሳል፥ ይቃጠላል፥ ይለቃል ወይም ይፈርሳል።

በመጀመሪያ የእናት ክንድ ይታይ። የአንድ ዓመት ሕፃን 10 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። እናት ከመኪና ገብታ ሕፃኗን በጭኗ አስቀምጣ በሁለት ክንዶቿ ስታቅፈው «ከእኔ እጅ አይወጣም» ብላ ታምናለች፤ ፍቅሯም ጉልበቷም እውነተኛ ናቸው። ነገር ግን መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከጽኑ ነገር ጋር ይጋጭ፤ አፍንጫውም 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ተጨፍልቆ ይቁም። ይህ ከሰከንድ ዐሥረኛ እጅ እንኳ አይሞላም። በዚያች ጊዜ ውስጥ ሕፃኑን ከመኪናው ጋር አብሮ ለማቆም የሚያስፈልገው ኀይል የክብደቱ 16 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ያ 10 ኪሎ ሕፃን በእናቱ ክንድ ላይ ከ160 ኪሎ ግራም በላይ፥ ማለትም ከአንድ ኩንታል ተኩል በላይ ይሆናል። አንድ ኩንታል ተኩል እህል በድንገት ከወደ ፊት ሲጐትታት በክንዷ የምትገታ እናት የለችም፤ አባትም የለም። ሕፃኑ ይለቃል፤ በፊቱም የሚያገኘው የመቀመጫ ብረት ወይም መስተዋት ነው።

ከዚህ የከፋውም አለ። እናቲቱ ራሷ ያለ ቀበቶ ከተቀመጠች የእርሷም 55 ኪሎ በዚያው ስሌት ወደ 9 ኩንታል ያህል ይሆንና ከኋላው ሕፃኑን ከፊት ለፊቱ ወንበር ጋር ያጣብቀዋል። በአንድ ቀበቶ ራስንና ሕፃንን አንድ ላይ ማሰርም ይህንኑ ያመጣል፤ በእናት አካልና በቀበቶው መካከል የሚጨመቀው ሕፃኑ ነው። መፍትሔው ለሕፃኑ የራሱ የሆነ በመኪናው ወንበር ላይ የሚታሰር የሕፃናት መቀመጫ ነው። የራሳቸው መኪና ያላቸው ቤተሰቦች ይህን ለመግዛት ሲያመነቱ አያለሁ፤ ለመኪናው ጌጥ ግን አያመነቱም።

በሚኒባስ ለሚጓዙትስ? ብዙዎቹ ሚኒባሶች በኋላ ወንበሮቻቸው ቀበቶ እንደሌላቸው ይታወቃል። በዚያ ጊዜ ማድረግ የሚቻለው ጥቂት ነው፤ ጥቂቱ ግን ከምንም ይሻላል። ሕፃን የያዘ ሰው ከነጂው ጐን ባለው የፊት ወንበር አይቀመጥ፤ ከፊቱ ለስላሳ የወንበር ጀርባ ያለበትን ቦታ ይምረጥ፤ ቀበቶ ያለበት ወንበር ካለም ያንን ይጠይቅ። ቀበቶ የሚጠቅመው ሰውን በመያዙ ብቻ አይደለም። መኪናው በ60 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ሲቆም ሰውየውንም ከመኪናው ጋር በዚያው ርቀት እንዲቆም ያደርገዋል። ቀበቶ የሌለው ሰው ግን መኪናው ቆሞ ካበቃ በኋላ እንኳ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነቱ ይጓዛል፤ የሚገታውም ግንባሩ ከብረት ጋር በሚገናኝባት በጥቂት ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው። ርቀቱ ከ10 እጅ በላይ ስላነሰ ኀይሉ ከ10 እጥፍ በላይ በረታ። ዛሬ በየመኪናው የምናየውን ከትከሻና ከወገብ የሚይዝ ቀበቶ በ1959 እ.ኤ.አ. የሠራው ኒልስ ቦሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ነው።

ዕቃም እንደ ሰው ነው። ከልጆች ኋላ በወንበር ላይ የተቀመጠ 20 ሊትር ውኃ ወይም ዘይት የያዘ ጀሪካን በዚያ ግጭት ጊዜ ከ3 ኩንታል በላይ ኀይል ካልተሰጠው አይገታም፤ ማንም ያንን ስለማይሰጠው ወደ ፊት ይበርራል። ከገበያ የሚመለስ ሰው ጀሪካኑን፥ የጋዝ ሲሊንደሩንና የሙቀጫውን ግንድ ከወንበር በታች ወይም ከወለሉ ላይ፥ ከወንበሩ ጀርባ ጋር አስጠግቶ ያኑር። በወንበር ላይ መቀመጥ የሚገባው ሰው ነው።

ስለ ፍሬንም ጥቂት ልበል፤ የደሴ መንገድ ነገር ያለ ጣርማ በር አይነገርምና። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተቆፈረው ከጣርማ በር ዋሻ፥ ከ3,000 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ተነሥቶ በደብረ ሲናና በአርማንያ በኩል ሸዋ ሮቢት ሲደርስ መንገዱ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። እንግዲህ ቁልቁለቱ 1,800 ሜትር ያህል ነው። 40 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ሲወርድ ፍጥነቱን ሳይጨምር ይወርድ ዘንድ ክብደቱ የሚሰጠው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ያ ሙቀት ቢሰበሰብ ከ2,000 ሊትር በላይ ውኃ፥ ማለት ከዐሥር በርሜል በላይ፥ ከቀዝቃዛ አንሥቶ ያፈላል። ነጂው ማርሹን አስቀድሞ ከባድ ላይ ካደረገው ብዙውን ሞተሩ ይይዝለታል። ማርሹን አቅልሎ በፍሬን ብቻ ልውረድ ያለ እንደ ሆነ ግን ያ ሁሉ ሙቀት በጥቂት ኪሎ ብረትና ሸራ ላይ ያርፋል፤ ሸራውም ሲግል መያዙን ይተዋል። መኪናው በታርጋው ከተፈቀደለት በላይ ጭኖ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ፍሬኑ ግን አይጨምርም። በቁልቁለቱ ላይ የፍሬን ሸራ ሽታ የሸተተው ተሳፋሪ ለነጂው ቢነግረው ነገረኛ አያሰኘውም።

እስካሁን የተናገርነው መሬት ቆማ መኪና ሲሄድ ነው። መሬት ራሷ ብትሄድስ? የይፋት ቆላ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ዳርቻ፥ ደጋው ወደ አፋር ዝቅታ በሚሰበርበት ላይ ያለ አገር ነው፤ ምድሩም በዚህ ምክንያት ይናወጣል። ማጀቴ ከዋናው የደሴ መንገድ ወደ ምዕራብ ገባ ብላ የምትገኝ የአንጾኪያ ገምዛ ወረዳ ከተማ ናት። በ1953 ዓ.ም. ከግንቦት ወር አንሥቶ ለወራት በዚህ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ተደጋገመ፤ ከሁሉ የበረታው በግንቦት የመጨረሻ ሳምንት የደረሰው ሲሆን መጠኑ 6.5 ያህል ነበር። ማጀቴ ፈረሰች። በካራቆሬ ከቤቶቹ ግማሽ ያህሉ ወደቁ፤ ከካራቆሬ ወደ ሰሜን ያለውም መንገድ በመሬት መሰንጠቅና መናድ ተጐዳ። በአካባቢው 5,000 ያህል ሰው ያለ መጠለያ ቀረ። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ዲሬክተር የነበሩት ካናዳዊው ፒየር ጉዌን በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፍ ይህን የካራቆሬን ጥፋት በሰፊው መዝግበውታል።

አንድ ቤት በመሬት መንቀጥቀጥ የሚፈርስበት ምክንያት ከሕፃኑ ነገር ጋር አንድ ነው፤ የተገለበጠ ብቻ ነው። በመኪናው ውስጥ የሚሄደው ሕፃን መገታት ነበረበት፤ በቤቱ ደግሞ የቆመው ግድግዳና ጣራ በድንገት መገፋት አለባቸው። መሬት ወደ ጐን ስትንሸራተት መሠረቱ አብሯት ይሄዳል፤ ጣራው ግን የቆመ ነገር ነውና በነበረበት ልቆይ ይላል። ጣራውን ከመሠረቱ ጋር እንዲሄድ የሚጐትተው በመካከል ያለው ግድግዳ ነው። ጣራውና የግድግዳው አናት በከበዱ ቁጥር ግድግዳው የሚጠየቀው ኀይል ይበዛል።

ይህንም በቁጥር እንየው። ወርዱ 4 ሜትር፥ ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ፥ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ አንድ ክፍል ቤት አለ እንበል፤ የግድግዳው ውፍረት 50 ሳንቲ ሜትር፥ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል ነው። በርና መስኮቱ ተቀንሶ ግድግዳው ብቻ 40 ቶን ገደማ ይመዝናል። አንባቢ እንደሚያስታውሰው ይህ በሸዋ ሮቢት መንገድ ላይ ያየነው የተጫነ የጭነት መኪና ክብደት ነው፤ እኛ ግን ቤታችን ስለማይሄድ ክብደቱን አንቈጥረውም። መሬት ወደ ጐን የምትገፋበት ፍጥንጥነት የመሬት ስበት አምስተኛ እጅ ብቻ ቢሆን፥ በዚያ ቤት ላይ ወደ ጐን የሚያርፈው ኀይል 8 ቶን፥ ማለት 80 ኩንታል ነው። በዚያው ልክ ግን በእንጨት ቋሚና ማገር ተዋቅሮ በጭቃ የተመረገ፥ ግድግዳው 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቤት 10 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ የሚያርፍበትም 20 ኩንታል ነው። መንቀጥቀጡ አንድ ሲሆን አንዱ ቤት የሌላውን አራት እጥፍ ኀይል በራሱ ላይ ጠራ።

ድንጋይና ጭቃ ከላይ የተጫነባቸውን ችለው ለዘመናት ይቆማሉ። ወደ ጐን ሲሳቡ ግን ጭቃው ድንጋዩን አይዝለትም። በመጀመሪያ ማዕዘኑ ይሰነጠቃል፤ ቀጥሎ የግድግዳው የውጭ ገጽ ከውስጥ ገጹ ይለያል፤ ከዚያም ይናዳል። በእንጨት የተዋቀረው ጭቃ ቤት ምርጉ ቢራገፍ እንኳ ማገሩ ተያይዞ ይወዛወዛል። የአባቶቻችን ክብ ጐጆም ሣር ክዳኑ ቀላል፥ ማዕዘንም የሌለው ነበርና በዚህ በኩል ደኅና ነበር፤ እሳት ግን አይችልም፥ ምስጥም አይምረው። በትግራይ እንደሚታየው አፈር የተደለደለበት ጣራ በይፋት አለመለመዱ ለዚህ ቆላ አንድ ዕድል ነው፤ አንድ ሜትር ካሬ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ከ3 ኩንታል ያላነሰ ሲመዝን፥ ያን ያህል ቦታ የሚሸፍን ቆርቆሮ ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው።

ብሎኬትና ሲሚንቶ ከዚህ ሒሳብ ያወጣናል የሚል አሳብ በከተሞቻችን ተስፋፍቶአል። አያወጣም። ሲሚንቶም ከባድ ነው፤ የሚረዳው በውስጡ ብረት ኖሮ ወደ ጐን የሚመጣውን ማቀበል ሲችል ብቻ ነው። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከታች ለሱቅ ተብሎ ፊቱ ሁሉ የተከፈተ፥ ከላይ ግን በግድግዳ የተሞላ ፎቅ ነው። የላይኛው ክብደት ሁሉ ወደ ጐን ሲሄድ የሚጠይቀው በታች ያሉትን ጥቂት ቀጫጭን ዓምዶች ነውና። አገራችን የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመለከት የሕንፃ ደንብ አላት፤ መሐንዲስ በዚያ ደንብ ሲያሰላ የሚጀምረው ሕንፃውን በመመዘን ነው። ደንቡ መኖሩን የማያውቅ ቤት ሠሪ ግን ብዙ ነው፤ የማያውቀውንም ነገር ከግንበኛው አይጠይቅም።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተጀመረው መንቀጥቀጥ በታኅሣሥና በጥር በርትቶ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶአል፤ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰውም ከቀዬው ተነሥቶአል። ያ ስፍራ ከይፋት ቆላ ሩቅ አይደለም።

እንግዲህ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በድንጋይ መሥራት ግድ ከሆነበት፥ በየሜትሩ ገደማ ከግድግዳው ውስጥ እስከ ውጭ የሚደርስ ረጅም ድንጋይ ያግባ፤ የግድግዳውንም አናት ዙሪያውን በእንጨት ወይም ብረት ባለው ሲሚንቶ እንደ መቀነት ይሰር። ግንበኞች ቢም የሚሉት ይህ ነው። አራቱ ግድግዳዎች እንዲህ ከታሰሩ አንዱ ሲገፋ ሦስቱ ያግዙታል፤ ካልታሰሩ እያንዳንዱ ለየብቻው ይወድቃል። በርና መስኮትም ከማዕዘን ራቅ ብለው ይከፈቱ።

ቤቱ የተሠራ እንደ ሆነስ? ግድግዳውን አፍርሶ መሥራት የሁሉም አቅም አይደለም። ከፍ ብሎ የተቀመጠውን ከባድ ነገር ማውረድ ግን ለሁሉም ይቻላል። ከልጆች መኝታ በላይ ባለ መደርደሪያ ድስት፥ የብረት ሣጥንና የእህል ጣሳ አይቀመጥ፤ ረጅሙ ቁም ሣጥን ከግድግዳው ቋሚ ጋር በሚስማር ወይም በሽቦ ይያዝ። ከዚህም ሁሉ በፊት ወደ ጣራው ይታይ። ነፋስ እንዳይወስደው ተብሎ በቆርቆሮ ላይ ድንጋይ መደርደር በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ከዚያ ላይ የተንከባለለ 5 ኪሎ ድንጋይ 3 ሜትር ወርዶ በር ላይ ሲደርስ በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈጥናል፤ መሬት ስትናወጥ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚሮጠው በዚያው በር ነው። ድንጋዮቹን አውርዶ ቆርቆሮውን በቆርቆሮ ሚስማር ከማገሩ ጋር፥ ማገሩንም በሽቦ ከግድግዳው ቋሚዎች ጋር ማሰር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ ቢሠራ ይቀላል።